እንግዳ በደሴት ላይ ምን ያገኛል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጂኦግራፊ ክበብ ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ንግግራችን ስለ ደሴቶችና ስለ አገር ጎብኚዎች ደኅንነት ነው። «ባሕር የሌላትን ድሬዳዋን ከደሴት ጋር ምን አገናኛት?» የሚል ሰው በመካከላችሁ ሳይኖር አይቀርም። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ብታዳምጡን፣ ነገሩ ከሩቅ ባሕር ተነሥቶ እስከ ደጃችን እንደሚደርስ ልናሳያችሁ ተስፋ እናደርጋለን።

ነገሩ የተጀመረው በክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን አንድ ቀን ወረቀት አድለውን «ዐሥራ አምስት ቀን ዕረፍትና በቂ ገንዘብ ቢሰጣችሁ የት ትሄዳላችሁ? ምክንያታችሁንም ጻፉ» አሉን። ወረቀቱ ተሰብስቦ ሲነበብ አብዛኞቻችን የደሴት ስም ጽፈን ተገኘን። አንዱ ዛንዚባር፣ አንዱ ሲሸልስ፣ አንዷ ማልዲቭስ፤ ሁለት ሦስት ልጆች ደግሞ ጣና ብለው ነበር። ምክንያታችን ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ «ዕረፍት ለማግኘት» የሚል። መምህራችን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ «መልካም፤ የጅቡቲ ሰው ባሕርም ደሴትም በደጁ አለው። ታዲያ በየክረምቱ ወደ እናንተ የሚመጣው ምን ፍለጋ ነው?» ብለው ጠየቁን። በዚያን ቀን መልስ የሰጠ አልነበረም። ይህ ንግግር ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የቀረበ መልስ ነው።

ደሴት ስለ ምን ትወደዳለች?

ደሴት ማለት ዙሪያዋን በውሃ የተከበበች ምድር እንደ ሆነች ሁላችንም ገና በልጅነታችን ተምረናል። የምትወደድበትም የመጀመሪያው ምክንያት ከዚሁ ትርጓሜ ይወጣል። ወደ ደሴት የሚሄድ ሰው ውሃ ይሻገራል። ሲሻገርም ሥራውን፣ ዕዳውንና የጎረቤቱን ጠብ ከወዲያኛው ዳር ትቶ የሄደ ይመስለዋል። በተራራም በሜዳም ማረፍ ይቻላል፤ ነገር ግን መንገዱ ከኋላ ክፍት ስለ ሆነ ሐሳብ እየተከተለ ይመጣል። በጀልባ የተሻገረ ሰው ግን ጀልባዋ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ ቢፈልግም መሄድ አይችልምና፣ ሳይወድ በግድ ልቡ ይረጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ትንሽነቷ ነው። በትልቅ ከተማ የገባ እንግዳ መንገድ ይጠፋኛል፣ ሰው ያታልለኛል እያለ ይጨነቃል። ትንሽ ደሴት ግን በአንድ ቀን በእግር ተዙራ ታልቃለች፤ በማግሥቱ እንግዳው እንደ አገሬው ሰው መንገዱን አውቆ ይሄዳል። ሦስተኛው ምክንያት ነፋሱ፣ የውሃው ድምፅና ወደ ሩቅ ማየት የሚቻል መሆኑ ነው። አራተኛውም የጊዜው አቈጣጠር ነው፤ በዚያ ቀኑ የሚለካው በጀልባ መምጣትና በዓሣ አጥማጅ መመለስ እንጂ በደወል አይደለምና።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ሰዎች በብዛት ለዕረፍት ወደ ሩቅ ደሴቶች መጓዝ የጀመሩት አውሮፕላን ከመጣ በኋላ ነው። ሲሸልስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ከ100 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 የአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ተከፈተላት ድረስ ግን ወደ እርሷ የሚሄድ ሰው በመርከብ ብዙ ቀን መንገላታት ነበረበት። ማልዲቭስም 1,200 ያህል ትንንሽ ደሴቶች ያሏት ስትሆን የመጀመሪያው የእንግዶች ማረፊያዋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዛሬ የሁለቱም አገሮች ትልቁ እንጀራ የሚገኘው ከእንግዳ ነው። ዛንዚባርም ቀድሞ በቅርንፉድ ንግድ ትታወቅ ነበር፤ የድንጋይ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ ባሕር ዳሯን ብቻ ሳይሆን በሮቿንና ጠባብ መንገዶቿን ለማየት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው።

ማማር ብቻ አያሳርፍም

እንግዲህ የደሴትን ደግ ነገር ከተናገርን ክፉውንም መናገር ይገባናል። እንግዳውን የሚያሳርፈው ያው የውሃው አጥር፣ ነገር ሲበላሽ መውጫ ያሳጣዋል። በደሴት ላይ የታመመ ሰው ሌላ ሐኪም ልፈልግ ቢል አይችልም። የሚጠጣው ውሃ ቢበላሽበት ከጎረቤት መንደር አያስመጣም። ዋጋ ቢወደድበት ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም። ሙሉ በሙሉ በአስተናጋጁ እጅ ነው ያለው። ስለዚህ ደሴት መጠጊያ የመሆኗን ያህል ወጥመድም ልትሆን ትችላለች። ልዩነቱን የሚፈጥረው የባሕሩ ማማር ሳይሆን በዚያ የሚኖረው ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ ደንቡ፣ ጤና ማለት በሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት ጭምር እንደ ሆነ አስፍሯል። ይህን ለእንግዳ ብንተረጉመው ሦስት ጥያቄዎች ይወጡታል። አካሉ ደኅና ነውን? ንጹሕ ውሃ፣ ንጹሕ ምግብ፣ ትንኝ የሌለበት መኝታ አግኝቷልን? አእምሮው ዐርፏልን? ነገ ምን ይመጣብኝ ይሆን ሳይል ይተኛልን? በሰው መካከልስ እንደ ሰው ተቈጥሯልን ወይስ እንደ ኪስ? እነዚህን ሦስቱን ያገኘ እንግዳ ደረቅ ድንጋይ ላይም ያርፋል፤ ያላገኘ ግን በነጭ አሸዋ ላይ ተኝቶም ይጨነቃል።

በማልዲቭስ ውሃው የሁሉ መጀመሪያ ነው። ምድሩ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ያላለ ስለ ሆነ የሚጠጣ ውሃ በቀላሉ አይገኝም፤ የባሕር ውሃ ጨው እየተለየለት ነው በየማረፊያው የሚቀዳው። እንግዳው ቧንቧ ከፍቶ ሲታጠብ ከስንት ድካም በኋላ እንደ መጣለት አያውቅም፤ ባለማወቁም ያርፋል። ይሁን እንጂ በዚያው አገር ለብዙ ዓመታት የእንግዶች ደሴት ለብቻው፣ የነዋሪዎች ደሴት ለብቻው ሆኖ ነበር የኖረው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ግን ሕዝቡ በሚኖርባቸው ደሴቶችም ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች እንዲከፈቱ ተፈቀደ። በዚህም ዓሣ አጥማጁና ባለ ሱቁ በቀጥታ ከእንግዳው ጋር ተገናኙ። እንግዳውም ከባሕሩ ሌላ ሰው አገኘ። እኛ እንደ መሰለን ይህ ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው፤ ከሰው ተለይቶ ማረፍ ለጥቂት ቀን ደስ ቢያሰኝም ትዝታው አጭር ነውና።

የራሳችን ደሴቶች

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ደሴት ግን አላት። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በዝዋይ ሐይቅ ላይ አምስት ደሴቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም በቱሉ ጉዶ ላይ የዛይ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሃይማኖቱንና ቋንቋውን ጠብቆ ኖሯል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጣና ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ የዓባይ መነሻ የሆነ ሐይቅ ነው። በደቅ ደሴት አጠገብ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዳጋ እስጢፋኖስ የጥንት ነገሥታት ዐፅም ተጠብቆ ይኖራል። በጦርነት ዘመን የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ወደ እነዚህ ደሴቶች እየተሻገረ ይሸሸግ ነበር።

ልብ በሉ፤ የእኛ አባቶች ደሴትን ዕረፍት ያደረጓት ቱሪስት የሚባል ስም ሳይሰማ ነው። መነኮሳት ከዓለም ጫጫታ ለመለየት በታንኳ ተሻገሩ። ዛሬ በአውሮፕላን ወደ ሩቅ ደሴት የሚሄደው ሰውና በደንገል ታንኳ የተሻገረው መነኩሴ አሳባቸው የተለያየ ቢሆንም የፈለጉት ነገር ይቀራረባል፤ እርሱም ጸጥታ ነው።

ጣናም ቢሆን እንግዳውን የሚያሳርፈው ሰው ሲጠነቀቅለት ነው። ምሳሌ እንስጥ። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች አይገቡም። ይህ የቈየ ሥርዓት ነው፤ እንግዳ ሊያከብረው ይገባል። ነገር ግን አንዲት ጎብኚ ከሩቅ አገር መጥታ፣ የጀልባ ዋጋ ከፍላ፣ ወደቡ ላይ ከደረሰች በኋላ «አንቺ እዚህ ቅሪ» ብትባል ታዝናለች። ባሕር ዳር ሳለች አስቀድሞ ቢነገራት ግን ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄዳ፣ ሥዕሉን አይታ፣ የዘጌን ቡና ጠጥታ ደስ ብሏት ትመለሳለች። ሥርዓቱ ያው ነው፤ የሚለየው በጊዜው እውነት መናገሩ ነው። እንዲሁም በሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ማዕበል አለና ባለ ጀልባው ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ተንሳፋፊ ሰደርያ ማልበስ ይገባዋል። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስለሚገኝ እንግዳው ልዋኝ ቢል «ደስ ይበልህ» ብሎ ዝም ማለት ቸርነት አይደለም።

ሐይቁ ራሱም ጠባቂ ይፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከነዙሪያው በዓለም የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ አስገብቶታል። ነገር ግን ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳር እያለበሰ ዓሣ አጥማጁንና ጀልባውን አስቸግሯል። ከዚህም የሚብሰው የሰላም መታጣት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ጎብኚ ቀንሷል፤ በዚያ በጀልባና በማስጎብኘት የሚተዳደሩ ወንድሞቻችን ተጐድተዋል። ሰላም ከሌለ ደሴቱም፣ ሥዕሉም፣ ቡናውም እንግዳ አያሳርፍም። በ1950ዎቹ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገራችንን የቱሪዝም ሥራ ሲያቋቁሙ ኢትዮጵያን «የ13 ወር ጸጋ» ብለው ለዓለም አስተዋውቀዋት ነበር። ፀሐዩን የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ ሰላሙን ግን እኛው መጠበቅ አለብን።

የጅቡቲ ሰው ምን ፍለጋ ይመጣል?

አሁን ወደ መምህራችን ጥያቄ እንመለስ። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ በታጁራ ሰላጤ ውስጥ፣ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። የከተማው ሰው በዕረፍት ቀኑ በጀልባ እየተሻገረ ይዋኝባቸዋል፤ ከውሃው በታች ያለውንም የዛጎል ድንጋይና ቀለመ ብዙ ዓሣ ያያል። በሰላጤው ውስጥም በብርድ ወራት ከዓሣ ሁሉ የሚበልጠው ትልቁ ዓሣ ነባሪ ሻርክ ይታያል፤ ሰው የማይጐዳ እንስሳ ስለ ሆነ እርሱን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ አሉ። ታዲያ ሰኔና ሐምሌ ሲገባ በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ደሴቱም ባሕሩም አያሳርፍም። ሕፃናትና ሽማግሌዎች ይጨነቃሉ። አቅም ያለው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ሽቅብ ወደ እኛ ይመጣል።

እኛ ድሬዳዋን ሞቃት እንላታለን። ለጅቡቲ ሰው ግን 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው ከተማችን ነፋሻ ናት፤ በምሽት ውጭ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት የሚቻልባት፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚገኝባት ናት። ከዚህም አልፎ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ቢሄድ ሐረር አለችለት። በከዚራ የዛፎቹ ጥላ አለ፤ በመጋላ ሳምቡሳውና ሙሸበኩ አለ፤ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግቶ የማረፍ ልማዳችን አለ። ቋንቋውም አለ። ከክፍላችን ልጆች ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና አደርኛ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እንግዳ ቋንቋውን ሲሰማ ግማሽ ድካሙ ይወርድለታል።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ድሬዳዋ ራሷ ለመንገደኛ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማውም በጣቢያው ዙሪያ ተቈረቈረ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ተሳፋሪው እዚህ አድሮ ነበር የሚቀጥለው። ከበረሃው አቧራ የወጣ ሰው በድሬዳዋ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ያልፍ ነበር። ለዚያ መንገደኛ ከተማችን በበረሃ መካከል እንዳለች ደሴት ነበረች። አሮጌው ባቡር ሥራውን ካቆመ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መደበኛ ሥራውን ጀመረ፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። መንገደኛው እንደ ቀድሞው ይመጣል። እኛስ እንደ ቀድሞዎቹ እንቀበለዋለንን?

የራሳችን ጥፋት

እዚህ ላይ የምንናገረው የሚያሳፍረን ነገር ነው። ነገር ግን መምህራችን «ያልተናዘዛችሁትን አታስተምሩ» ስላሉን እንናገረዋለን።

ባለፈው ክረምት ጥቂቶቻችን የደብተርና የጫማ ገንዘብ ለማግኘት ከጣቢያው በር ቆመን የመንገደኛ ዕቃ እንሸከም ነበር። አንድ ቀን ከጅቡቲ የመጡ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወረዱ። «ሆዮ፣ እኛ እናግዝዎት» ብለን ዕቃቸውን ተቀበልን። እርሳቸውም በሶማልኛ «ልጆቼ፣ ጉልበቴን ያመኛልና ምድር ቤት የሆነ፣ ውሃ ያለበት ማደሪያ አሳዩኝ፤ ወሩን እዚህ ልቀመጥ ነው የመጣሁት» አሉን። የምናውቀው እንዲህ ያለ ቤት ነበር። ነገር ግን ሌላ አንድ ማደሪያ ቤት እንግዳ ላመጣለት ልጅ ትንሽ ገንዘብ ይሰጥ ነበርና ወደዚያ ወሰድናቸው። ክፍሉ ከሦስተኛ ፎቅ ነበር። ውሃውም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚመጣው። ይህን እያወቅን ዝም አልን። ለሸክሙም ከተለመደው አራት እጥፍ ጠየቅን። ሴትየዋ ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ የአገሩን ዋጋ አያውቁምና።

በሦስተኛው ቀን ቀፊራ ገበያ አጠገብ ዕቃቸውን ይዘው የሐረር መኪና ሲጠብቁ አገኘናቸው። ሊያመልጡን ይችሉ ነበር፤ እኛም ልናመልጣቸው እንችል ነበር። ነገር ግን ልጁ አውቆን በጣቱ አሳያቸው። ቀርበን ሰላም አልናቸው። «ልጆቼ» አሉ፣ «የሸሸሁት ሙቀት ነበር። ሙቀቱን አምልጬ መጣሁ፤ ጭቅጭቁ ግን እዚህ ቆሞ ጠበቀኝ። ውሃ ስጠይቅ ጭቅጭቅ፣ ደረጃ ስወርድ ጭቅጭቅ፣ ዋጋ ስከፍል ጭቅጭቅ። ዘመድ የለኝ፤ የት ሄጄ ልናገር?»

ከእኛ አንዱ በኪሱ የቀረውን ገንዘብ አውጥቶ ሰጣቸው። ሌሎቻችንም አዋጣን። ሴትየዋ «አይገባም» አላሉም። ቁጭ ብለው ቈጠሩት፤ የተረፈውን ወሰዱና ትክክለኛውን የሸክም ዋጋ ለይተው መለሱልን። «ይህ የድካማችሁ ነው፤ ሐላል ነው» አሉ። መኪናውም መጣና ሄዱ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ እርስ በርሳችን አልተነጋገርንም።

በኋላ ነገሩን በክበባችን ውስጥ ስናነሣው የመምህራችን ጥያቄ መልስ በድንገት ታየን። «የት ሄጄ ልናገር?» ያሉት ቃል በደሴት ላይ ያለ ሰው ቃል ነው። ዙሪያቸው ውሃ አልነበረም። ነገር ግን ዋጋውን አያውቁም፣ ሰፈሩን አያውቁም፣ የሚማፀኑት ዘመድ የላቸውም። እንግዳ የሆነ ሰው ሁሉ የትም ይሁን የት በደሴት ላይ ነው። ያች ደሴት መጠጊያ ወይም ወጥመድ የምትሆነው መጀመሪያ በሚያገኘው ሰው ነው። ለእኚህ እናት ያ ሰው እኛ ነበርን።

ምን ማድረግ እንችላለን?

ወላጆቻችን ሲተርቱ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ፊት ማሳየት ግን ፈገግታ ብቻ እንዳልሆነ ተምረናል። ስለዚህ የክበባችን አባሎች በሚቻለን መጠን አራት ነገር ለማድረግ ተስማምተናል።

አንደኛ፣ እውነቱን አስቀድመን ልንናገር። ደረጃ ካለ ደረጃ አለ፣ ውሃ ከሌለ የለም፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው ብለን። ትክክለኛውን የባጃጅና የሸክም ዋጋ ጠይቀን በሶማልኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በፈረንሳይኛ በአንድ ገጽ ላይ ጽፈናል፤ በሚመጣው ክረምት ይህን ወረቀት ይዘን ጣቢያው በር ላይ እንቆማለን።

ሁለተኛ፣ የእንግዳውን ጤና ከቤታችን ልንጀምር። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም ቺኩንጉኒያ ከተማችንን እንዳስጨነቁ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው በቀን የምትነድፍ ትንኝ ናት፤ የምትፈለፈለውም ክዳን በሌለው በርሜል፣ በአሮጌ ጎማና በጀሪካን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው፣ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝም እንዲሁ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የወባ በሽታ ሲበዛ እርሷ በብዛት ተገኝታለች። ውሃ የምናጠራቅመው ስለሚቸግረን ነው፤ ነገር ግን መክደን አይቸግረንም። በርሜሉን የከደነ ቤተ ሰብ ልጁንም እንግዳውንም ጠበቀ።

ሦስተኛ፣ የአደጋውን ሥፍራ ልናሳይ። የደቻቱ አሸዋ በበጋ መንገድና ገበያ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ጎርፍ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እዚህ ሳይዘንብ ከላይ ከተራራው ከዘነበ ወንዙ ሊመጣ እንደሚችል እኛ እናውቃለን፤ እንግዳ አያውቅም። ለማያውቅ ሰው አንድ ቃል መናገር ብዙ ድካም አይደለም።

አራተኛ፣ እንግዳን ለብቻው አለመተው። ብዙዎቻችን የቤታችን ደጃፍ ላይ ማታ ማታ ምንጣፍ አንጥፈን እንቀመጣለን። ጎረቤት የሆነ እንግዳ ካለ «ይምጡ፣ ሻይ ይጠጡ» ማለት ምን ያስከፍለናል? ማልዲቭሶች ከብዙ ዓመት በኋላ እንግዳውን ወደ ሕዝቡ ደሴት እንዳስገቡት፣ እኛም ወደ ደጃችን እናስገባው።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ዛንዚባርንና ሲሸልስን ማየት አሁንም እንመኛለን፤ ምኞታችንን አልተውንም። አንድ ቀን እግዚአብሔር ቢፈቅድልን እንሄዳለን። በዚያም አንድ የአገሩ ልጅ ዕቃችንን ሲቀበለን እውነቱን እንዲነግረን እንፈልጋለን። ከእርሱ የምንፈልገውን እኛ ቀድመን ካልሰጠን ግን በምን ፊት እንጠይቀዋለን?

ትምህርት ቤታችን እነዚህን ሁሉ ዓመታት የኖረው ከየቦታው የመጣውን ልጅ ተቀብሎ ነው። ብዙዎቹ አያቶቻችን ወደዚህ ከተማ የመጡት በባቡር ነበር፤ አንድ ሰው በዚህ ጣቢያ ተቀብሏቸዋል፣ ውሃ ሰጥቷቸዋል፣ ማደሪያ አሳይቷቸዋል። ያ ሰው ማን እንደ ነበር አናውቅም። ባይቀበላቸው ኖሮ ግን ዛሬ እዚህ ባልተሰበሰብንም ነበር።

እኚያን እናት ዳግመኛ አላየናቸውም። በሚመጣው ሐምሌ ባቡሩ ሲገባ ከጣቢያው በር ላይ ቆመን እንጠብቃቸዋለን። ቢመጡ ምድር ቤት የሆነ፣ ውሃ ያለበት ክፍል የት እንዳለ እናውቃለን። ባይመጡም ሌላ እናት ትመጣለች።

ቤት ለእንግዳ ይሁን።